የእርግዝና ግፊት ቀድሞ ይታወቃል ወይ? 11 ሳምንት ነኝ፣ ደሴ

የጦሳ ልጅ | መስከረም 28፣ ማታ 3:10

ሰላም እህቶች ወንድሞች እንዴት አመሻችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ሁለተኛዬን አርግዤ አሁን 11 ሳምንቴ ነው። የመጀመሪያዋን በ33 ሳምንት ነው በኦፕራሲዮን የወለድኳት፣ ግፊቴ 170/115 ገብቶ ሽንቴ ላይ ፕሮቲን 3 ፕላስ ተገኝቶ። 1.6 ኪሎ ነበረች፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሁን 4 ዓመት ሞልቷት ቤቱን ታተራምሰዋለች። ግን ያቺ ሌሊት እስካሁን ከአይኔ አልጠፋችም። ከዛ በፊት እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን ሲፈልጠኝ ነበር፣ ፊቴ አብጦ ቀለበቴ አልወጣ ብሎኝ ነበር፣ ክትትል የምሄድበት ቦታ ስነግራቸው "የእርግዝና ነው እረፍት አድርጊ" ብለው መለሱኝ። የዛን ቀን ግፊቴንም አልለኩኝም፣ መሳሪያው ባትሪ ጨርሷል ተብዬ።

አሁን ጥያቄዬ፣ ይሄ ነገር ቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ አለ ወይ? ጎረቤቴ በደም ምርመራ ይታወቃል አለችኝ። አማቴ ደግሞ አንዴ የመጣ ሁሌም ይመጣል እያለች ሌሊት እንቅልፍ አሳጣችኝ። ክትትል ገና አልጀመርኩም፣ በዚህ ሳምንት ልሄድ ነው፣ ሄጄ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሚድዋይፏ ከኮምቦልቻ | መስከረም 28፣ ማታ 3:42

እንኳን ደስ አለሽ የኔ እህት፣ በጊዜው ነው የጠየቅሽው ወላሂ። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ 5 ወር ካለፋቸው በኋላ ነው፣ ያኔ ልናደርግላቸው የምንችለው ነገር ግማሹ አምልጦናል።

ማን ለአደጋው ቅርብ እንደሆነች መገመት ይቻላል፣ አንቺ ላይ በእርግጠኝነት ይመጣል ወይም አይመጣም የሚል ምርመራ ግን የትም አገር የለም። ግምቱን የምንሰራው መጀመሪያ በጥያቄ ነው። ከዚህ በፊት በእርግዝና ግፊት የያዛት፣ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ግፊት ያለባት፣ ስኳር ያለባት፣ የኩላሊት በሽታ ያለባት፣ መንታ ያረገዘች፣ ሉፐስ የሚባለው በሽታ ያለባት፣ ከነዚህ አንዱ ብቻ ካለ ከፍተኛ ሪስክ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ደግሞ ለብቻው ብዙ የማያስፈራ ግን ሁለት ሲገናኝ ቁም ነገር የሚሆነው ነው፣ የመጀመሪያ እርግዝና፣ ዕድሜ 35 እና ከዛ በላይ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ካለፈው ልጅ 10 ዓመት ማለፍ፣ እናት ወይም እህት ይሄው ነገር ኖሮባቸው ከሆነ። አንቺ በመጀመሪያው ረድፍ ነሽ፣ ያውም ከ34 ሳምንት በፊት የመጣብሽ ስለሆነ ጠንከር ያለ ነው።

ስለዚህ ገና በሩን ስትገቢ "በፊተኛው በ33 ሳምንት በግፊት ነው የወለድኩት" በይ። እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ። የድሮ የመውጫ ወረቀትሽ ካለ ያዢው። አስፕሪን ያስፈልገኛል ወይ ብለሽ በግልፅ ጠይቂ፣ ካልሲየምም። ራስሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ ግን እንዳትጀምሪ፣ ጨጓራ ካለሽ ወይ ደም የመፍሰስ ችግር ካለብሽ ሐኪም ማወቅ አለበት።

አማትሽንም አብሽሪ በያቸው። በድጋሚ የመምጣት እድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው፣ ሁሌ ይመጣል የሚባለው ግን ትክክል አይደለም፣ አብዛኞቹ በሁለተኛው አይመጣባቸውም።

ሀረጎ ዳገት | መስከረም 28፣ ማታ 4:05

እኔ እንደ ወንድም ልናገር፣ ሴቶቻችንን በምርመራ ብዛት እያስፈራራችኋቸው ነው። እናቶቻችን ማን ለክቷቸው ነው 8 እና 9 የወለዱት? ግምት ግምት ነው፣ በግምት መድሀኒት ይዋጣል እንዴ ለእርጉዝ?

የሰኞ ገበያዋ | መስከረም 29፣ ጠዋት 1:20

ልጄ ናት የምትፅፍልኝ። አንተ ልጅ ሀረጎ ያልከው፣ እኔ 67 ዓመቴ ነው፣ የሚለካ በሌለበት ጊዜ የወለድን ሴቶች ስንት እንደሆንን የምትቆጥረው የተረፍነውን ነው። ታላቅ እህቴ በመጀመሪያ ምጧ አይኗን ገልብጣ ተንቀጠቀጠች ምላሷን ነከሰች። ጂን ነው ተባለ፣ አባታችን ሼህ ሊያመጣ በበቅሎ ሄደ፣ ጎረቤታችን ደግሞ ፀበል ረጨቻት፣ ሁሉም የሚያውቀውን አደረገ። ጀምበር ሳትጠልቅ ከነልጇ ሄደች። ከዛ በፊት አንድ ሳምንት እግሯ እንደ እንስራ አብጦ ነበር፣ ወንድ ልጅ ስለያዘች ነው ነበር የሚሉት። አይኔን ጭጋግ ሸፈነኝ ትለኝ ነበር፣ ጭሱ ነው አልኳት እኔ። አሁን የልጅ ልጄ ነርስ ናት፣ ስነግራት ስሙን ነገረችኝ። አርባ ምናምን ዓመት ጂን ሲሰደብ ኖሮ።

የጦሳ ልጅ | መስከረም 29፣ ጠዋት 2:02

እትዬ ነፍስ ይማር፣ አልቅሼ ነው ያነበብኩት። አፈር ስሆን ተባረኩልኝ ስለነገሩን።

ሀረጎ ዳገት | መስከረም 29፣ ጠዋት 2:30

እትዬ ይቅርታ አድርጉልኝ። አላህ ይዘንላቸው። ባለቤቴ 7 ወሯ ነው፣ ዛሬ ማታ ስለ ራስ ምታቷ እጠይቃታለሁ።

ሬዚደንቱ | መስከረም 29፣ ቀን 7:15

የማህፀንና ፅንስ ሬዚደንት ነኝ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማርኩ ያለሁ ሐኪም ማለት ነው፣ ምሳ ሰዓት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ልፃፍ። እትዬ የተናገሩት እኛ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ያለ ስህተት ነው። ቅፁ ላይ "በቤተሰብ የእርግዝና ግፊት አለ?" ይላል፣ ሴትየዋ የለም ትላለች፣ እኛም የለም ብለን እንሞላለን። ማን በዛ ስም ያውቀዋል? እኔ አሁን የምጠይቀው እንዲህ ብዬ ነው፣ "ከእናትሽ ወይ ከእህቶችሽ ስትወልድ የተንቀጠቀጠች አለች? ራሷን ስታ የቆየች? ጂን መታት ወይ ቡዳ በላት የተባለች አራስ አለች?" መልሱ ይለወጣል። የጦሳ ልጅ፣ ከመሄድሽ በፊት እናትሽ ጋ ደውይና በዚህ ቃል ጠይቂያቸው።

ወንድማችን በግምት መድሀኒት ይዋጣል ወይ ላልከው። ጥሩ ጥያቄ ነው። የችግሩ ስር ያለው እንግዴ ልጁ ጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ 4 እና 5 ወራት እንግዴ ልጁ የማህፀንን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል፣ ገበሬ ክረምት ሳይገባ የመስኖ ቦዩን እንደሚያሰፋው ማለት ነው። ቦዩ በጊዜው ካልሰፋ በኋላ ልጁ ሲያድግና ደም በብዛት ሲፈለግ አይበቃም፣ የተጠማው እንግዴ ልጅ ወደ እናትየዋ ደም የሚለቃቸው ነገሮች የደም ሥሯን በየቦታው ይጎዳሉ፣ ኩላሊቷን ጉበቷን አንጎሏን። ግፊቱ የሚታየው ከ20 ሳምንት በኋላ ነው ግን ነገሩ የተበላሸው ሰው ምንም ሳይሰማው በፊት ነው። ለዛ ነው በግምት ቀድመን የምንጀምረው፣ ግፊቱ ከመጣ በኋላ አስፕሪን አይመልሰውም።

መረጃውም አለ። በፈረንጆች 2017 የወጣ አስፕሬ የሚባል ጥናት ነበር፣ 1,776 በ11 እና በ14 ሳምንት መሀል ተመርምረው ከፍተኛ ሪስክ የተባሉ ሴቶች፣ ለግማሾቹ በየማታው 150 ሚሊ ግራም አስፕሪን ለግማሾቹ ባዶ ክኒን ተሰጠ እስከ 36 ሳምንት። ከ37 ሳምንት በፊት የሚመጣው ከባዱ ዓይነት ባዶ ክኒን ከወሰዱት 4.3 በመቶ ላይ መጣ፣ አስፕሪን ከወሰዱት 1.6 በመቶ ላይ። ከ37 በኋላ የሚመጣውን ግን አልቀነሰም፣ ይሄንንም እወቂው። የዓለም ጤና ድርጅት 75 ሚሊ ግራም ይላል፣ እኛ ጋ እንደተገኘው በ81ም ይሰጣል። መጠኑን የሚያይሽ ሐኪም ይወስን።

ከሀይቅ ለንደን | መስከረም 29፣ ማታ 2:48

ሰላም የአገሬ ልጆች፣ እኔ የሀይቅ ልጅ ነኝ ለንደን ነው የምኖረው፣ ባለፈው ዓመት ወልጃለሁ። ጎረቤትሽ በደም ይታወቃል ያለችው ይሄ መሰለኝ። እኔን በ12 ሳምንት አልትራሳውንድ ላይ ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም ሥር ፍሰት አዩት፣ በሁለቱም ክንዴ ግፊት ለኩኝ፣ ደም ወስደው ፒኤልጂኤፍ የሚባል እንግዴ ልጁ የሚያመርተውን ነገር ለኩ። ሁሉንም ከዕድሜዬ ከክብደቴ ጋ ኮምፒውተር ውስጥ ከተው ከዚህን ያህል አንድ ብለው ቁጥር ሰጡኝ። የጥቁር ዘር መሆንም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል አሉኝ። አስፕሪን ጀመርኩ፣ በሰላም ወለድኩ። ደሴ ላይ ይሄ አለ ወይ?

ላብ ቴክ 27 | መስከረም 29፣ ማታ 3:30

ይሄ የደም ምርመራ እኔ የምሰራበት ላብ ውስጥ የለም። ስለ ሽንት ግን ልናገር፣ ሰው የሽንት ፕሮቲንን እንደ መተንበያ ያየዋል። ፕሮቲን የሚታየው በሽታው ሲኖር ነው፣ ከመምጣቱ በፊት ምንም አይነግርም። ዛሬ ነፃ ነሽ የተባለች በሁለት ሳምንት 3 ፕላስ ልትሆን ትችላለች፣ ስለዚህ በየቀጠሮው ይታይ። ሌላው፣ ሽንቱን መጀመሪያ ትንሽ አፍስሳችሁ መሀለኛውን ስጡን፣ የማህፀን ፈሳሽ ከተቀላቀለበት ውሸት ፕላስ ይሰጣል። ሽንቱን የምንፈትሽበት ወረቀት፣ የስትሪፑ ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲውል ካያችሁም ተናገሩ፣ እርጥበት ያበላሸዋል። ይሄን እንደ ባለሙያ እያፈርኩ ነው የምናገረው ግን ይሆናል።

ሬዚደንቱ | መስከረም 30፣ ጠዋት 12:50

ከሀይቅ፣ ያንቺ ዓይነቱ ከሁሉ የተሻለው ነው፣ ሁሉም ሲደመር ከ37 ሳምንት በፊት ከሚመጣባቸው 4 ሴቶች ወደ 3ቱን አስቀድሞ ይጠቁማል፣ ይሄንን ለማግኘትም ከተመረመሩት 10 ሴቶች አንዷን ሪስክ አለባት ይላል። በጥያቄ ብቻ የሚሰራው ከዛ በጣም ያንሳል፣ ግማሹንም አይዝም። ይሄን የምለው ሪስክ የለሽም የተባለች ሴት ተዝናንታ ክትትል እንዳትቀር ነው።

ግን ካንቺ ዝርዝር ውስጥ አንዱ እዚህም በየጤና ጣቢያው አለ፣ ግፊት መለካት። በትክክል የተለካ የመጀመሪያ ሦስት ወር ግፊት ራሱ ጥሩ ጠቋሚ ነው። እኛ የምናሰላው አማካዩን ነው፣ የታችኛውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ከላይኛው ጋ ደምረሽ ለ3 ማካፈል። ለምሳሌ 110/70 ከሆነ 110 ሲደመር 140፣ 250 ለ3 ሲካፈል 83። ይሄ አማካይ ከላይኛው ቁጥር ብቻውን ይልቅ የሚመጣውን ይናገራል። ደግሞ መሀል እርግዝና ላይ ግፊት በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ድሮም ግፊት የነበረባት ሴት በ5 ወሯ ስትመጣ ኖርማል ትመስላለች፣ በ8 ወሯ ሲወጣ አዲስ ይሁን የድሮ መለየት አንችልም።

ድሮ የሚሰራ ማገላበጥ የሚባል ሙከራ ነበር፣ በ7 ወር አካባቢ በግራ ጎን አስተኝተው ይለኩና በጀርባ አገላብጠው ይለካሉ፣ የታችኛው በ20 ከጨመረ ይመጣባታል ይባል ነበር። ሲፈተሽ ብዙም የማያስተማምን ሆኖ ተገኘና ቀረ። አሁንም የሚሰራ ሰው አጋጥሞኛል፣ በሱ አትጨነቁ በሱም አትፅናኑ።

ሚድዋይፏ ከኮምቦልቻ | መስከረም 30፣ ማታ 2:15

አለካኩ ላይ እኔ ልጨምር ምክንያቱም ልቤን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ሴትየዋ ከሚኒባስ ወርዳ ዳገቱን ወጥታ እያለከለከች ገብታ ወዲያው ክንዷ ይታሰራል፣ በሹራቧ ላይ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ፣ እያወራናት። ይሄ ቁጥር ምንም አይደለም። 5 ደቂቃ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ ሁለት እግሯ መሬት ይርገጥ፣ ሽንቷን ትሽና፣ ክንዷ ባዶ ሆኖ በልቧ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ማንም አያውራት። ክንዷ ወፍራም ከሆነ በትልቁ ማሰሪያ፣ ጠባቡ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ጊዜ በደቂቃ ልዩነት። ቡና ከጠጣች ግማሽ ሰዓት ትቆይ፣ እኛ ወሎዎች ሦስተኛውን ሳንጠጣ ከቤት አንወጣም አውቃለሁ፣ በክትትል ቀን ግን ቡናውን ስትመለሱ አድርጉት። ጫትም ግፊት ያነሳል፣ የልጁንም ክብደት ይቀንሳል፣ ሳልደብቅ ልናገረው።

እህቶች ይሄን መጠየቅ መብታችሁ ነው። "እህቴ ትንሽ ልረፍና ለኪኝ" ማለት ማንንም አያስከፋም። ቁጥሩንም ጠይቃችሁ ፃፉት፣ "ደህና ነሽ" ቁጥር አይደለም።

ቦርከና | ጥቅምት 1፣ ማታ 1:40

እኔ ሹፌር ነኝ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ላይ ናት፣ የመጀመሪያችን ነው 14 ሳምንት ሆኗታል ዕድሜዋ 36 ነው። ከላይ የፃፋችሁትን ስቆጥር ሁለት አላት ማለት ነው? ክትትል ለመሄድ ፈቃድ ስትጠይቅ አለቃዋ ፊቱን ያጠቁርባታል ደሞዝ ይቆረጥብኛል ብላ ፈርታ እስካሁን አልሄደችም። ቤት የሚለካ መሳሪያም ልገዛ አስቤ ነበር የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ረከስ ይላል።

ሚድዋይፏ ከኮምቦልቻ | ጥቅምት 1፣ ማታ 2:20

ወንድሜ አዎ ሁለት አላት፣ 14 ሳምንት ደግሞ ገና ጊዜ አለው ግን ሰፊ አይደለም፣ በዚህ ሳምንት ትምጣ እባክህ። የአሰሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ነፍሰ ጡር ለእርግዝና ምርመራ ደሞዝ ሳይቆረጥባት ፈቃድ እንዲሰጣት ያዛል፣ የሐኪም ወረቀት ማቅረብ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እኛ እንፅፍላታለን።

የአንጓውን ተወው። በላይኛው ክንድ የሚታሰረውን ግዛ፣ ገዝተህ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፣ ከኛው ጋ አስተያይተን እንነግርሃለን። ብዙዎቹ ማሽኖች ለነፍሰ ጡር አልተፈተሹም፣ ያውም በሽታው ሲኖር አሳንሰው የሚያነቡ አሉ። ስለዚህ ማሽኑ ኖርማል ቢልም ራሷን ከፈለጣት፣ አይኗን ብዥ ካላት ወይ ብልጭ ብልጭ ካለባት፣ ከቀኝ ጎድኗ ስር ካመማት፣ ፊትና እጇ ድንገት ካበጠ፣ ማሽኑን ትታችሁ ኑ።

የመንታ እናት | ጥቅምት 1፣ ማታ 4:11

እኔ ሁሌም የምፈልገው ይሄን እንዲያነቡልኝ ነው። መንታ ነበር የያዝኩት፣ በጦርነቱ ሰሞን በ2014፣ ክትትሉም ተቋርጦ ነበር ሁሉም ተበታትኖ። እንደምንም በሰላም ወለድኩ ግፊቴም ስወልድ ደህና ነበር። በ5ኛው ቀን አራስ ቤት ገንፎ እየበላሁ ራሴን ወጠረኝ፣ ብርድ ነው ተብሎ በነጠላ አሰሩኝ። ከዛ የማስታውሰው የለም። ተንቀጥቅጬ ነበር አሉ፣ ሁለቱ ሕፃናት አጠገቤ። ማግኒዥየም ተሰጥቶኝ ነው የተረፍኩት። እኔ ከወለድኩ በኋላም እንደሚመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ልጁ ከወጣ አለቀ ነበር የምለው።

ሬዚደንቱ | ጥቅምት 2፣ ጠዋት 1:05

የመንታ እናት አመሰግናለሁ፣ እንኳን ተረፍሽልን። በትክክል ነው፣ ከወሊድ በኋላ ግፊት ከፍ የሚለው ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ነው፣ በሽታው እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል። እኛ ደግሞ በ24 ሰዓት ወደ ቤት እንሰዳለን። ማግኒዥየም ሰልፌት ያልሽው፣ በ2002 በፈረንጆች በ33 አገሮች ወደ 10,000 ሴቶች ላይ ተሞክሮ መንቀጥቀጥን ከግማሽ በላይ የቀነሰ ነው። ርካሽ መድሀኒት ነው።

በውስጥ መስመር ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሴቶች ላይ ከዝቅተኛው ቦታ ይልቅ በብዛት ታይቷል። ደሴ 2,500 አካባቢ ናት ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ግን በሪስክ ስሌት ውስጥ አናስገባውም፣ ማንም ለዚህ ብላ ሀረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ እንዳትከራይ።

የጦሳ ልጅ | ጥቅምት 4፣ ማታ 2:30

ሄድኩ። መጀመሪያ እናቴ ጋ ደወልኩ በዶክተሩ ቃል ጠየቅኳት። ዝም አለች አለች፣ ከዛ "እኔም አንቺን ስወልድ ሦስት ቀን ሰው አላውቅም ነበር፣ ቡዳ ነው ብለው አጭሰውብኝ ነው የነቃሁት" አለችኝ። 31 ዓመት ሙሉ እኮ አልነገረችኝም! በመጀመሪያው እርግዝናዬ ቅፁ ላይ የቤተሰብ ታሪክ የለም ነው የሚለው፣ እኔው ነኝ የለም ያልኩት። ስልኩን ይዘን ሁለታችንም አለቀስን።

ልክ ስገባ የለካችኝ 132/86 ነበር፣ ይቅርታ ትንሽ ልረፍ አልኳት፣ ደስ ብሏት ወንበር ሰጠችኝ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ 118/78። አማካዩን አስልቼ 91 መጣ፣ ለሐኪሙ ስነግረው አሁን ጥሩ ነው፣ መነሻሽ እንዲሆን ፃፊው አለኝ። ስኳር ኩላሊት ተሰራልኝ ደህና ነው። አስፕሪን ማታ ማታ ከ12 ሳምንት ጀምሮ፣ ካልሲየም ደግሞ ከደም ማነሱ ክኒን ከአይረኑ ጋ አንድ ላይ እንዳልውጥ ሰዓት ለያይቼ። ቀጠሮዬ በየሁለት ሳምንቱ ነው ከ24 ሳምንት በኋላ፣ እስከዛ በየወሩ።

ሬዚደንቱ | ጥቅምት 4፣ ማታ 3:00

እናትሽን እቀፊልኝ። ካልሲየሙ በምግባችን ካልሲየም በሚያንስበት አገር የተመከረ ነው፣ ድሮ 1,500 ሚሊ ግራምና ከዛ በላይ ነበር የሚባለው፣ በቅርቡ ህንድና ታንዛኒያ ላይ በያገሩ 11,000 ሴቶች ላይ በተሰራ ጥናት 500ው ከ1,500ው እንደማያንስ ታይቷል። ስለዚህ ሦስት ትልልቅ ክኒን መዋጥ ካቃተሽ ጠይቂ፣ ጨርሶ ከማቋረጥ ይሻላል።

ቦርከና | ጥቅምት 9፣ ማታ 1:15

ወሰድኳት፣ አስፕሪን ጀመረች፣ ወረቀቱንም ተቀበሏት ደሞዝ አልተቆረጠም። አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም።

ሀረጎ ዳገት | ጥቅምት 12፣ ማታ 3:50

ባለቤቴን ጠየቅኳት። ራሷን ያማት ነበር እንዳልጨነቅ ብላ ነው ያልነገረችኝ። በማግስቱ ወሰድኳት 146/94፣ የግፊት መድሀኒት ጀመረች ሜቲልዶፓ የሚባል፣ በሳምንት ሁለቴ እንሄዳለን። እትዬ የእህትዎን ነገር ባይፅፉ ኖሮ አልጠይቃትም ነበር።

የሰኞ ገበያዋ | ጥቅምት 13፣ ጠዋት 2:10

በሰላም ያገላግላት ልጄ። ማርያም ትቅረባት።

የጦሳ ልጅ | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 2:22

20 ሳምንት ሞላኝ፣ 108/66። ዶክተሩ መሀል ላይ ይወርዳል ያለው ደረሰ። አስፕሪኑን አንድም ማታ አልዘለልኩም፣ ከጥርስ ብሩሼ አጠገብ ነው ያስቀመጥኩት።

የጦሳ ልጅ | የካቲት 30፣ ማታ 3:05

ዛሬ 33 ሳምንት አልፌያለሁ። ሌላ የምፅፈው የለኝም፣ 33ን አለፍኩ ለማለት ነው። 116/74።

የመንታ እናት | የካቲት 30፣ ማታ 3:09

እልልልልልል

የጦሳ ልጅ | ሚያዝያ 8፣ ቀን 9:40

ጠፋሁ ይቅርታ። ግፊቱ መጣ፣ ግን ዘግይቶ። አስፕሪኑን በ36 ሳምንት አቁሜ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቤት ስለካ 148/94፣ አርፌ ደግሜ ስለካ 150/94። ራሴን አላመመኝም ምንም አልተሰማኝም፣ ባልለካ እኮ አላውቅም ነበር። ቦርሳው በሩ ስር ነበር፣ ሄድን። ፕሮቲን 1 ፕላስ፣ ሌላው ደሜ ደህና። 37 ሳምንት እንዳለፈኝ መጋቢት 30 በኦፕራሲዮን ወለድኩ፣ ወንድ፣ 2.9 ኪሎ። ሕፃናት ክፍል ሳይገባ ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። የመጀመሪያዋን በ6ኛው ቀን ነበር ያቀፍኳት።

የመንታ እናት ያልሽውን ይዤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ለካሁ። በ4ኛው ቀን 154/100 ገባ፣ ተመልሼ ሄድኩ ኒፈዲፒን የሚባል የግፊት መድሀኒት ሰጡኝ፣ ዛሬ 132/84 ነኝ። እናቴ ራሷ ናት የምትለካኝ፣ መነፅሯን አድርጋ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነበዋለች። ሐኪሙ እሷንም ለካት፣ ግፊት አላት፣ በእርግዝና የመጣባት ሴት በኋላ ለግፊትና ለልብ በሽታ ትቀርባለች አለን፣ እሷም መድሀኒት ጀምራለች።

ሬዚደንቱ | ሚያዝያ 8፣ ማታ 1:30

እንኳን ማርያም ማረችሽ። አስፕሪኑ ጨርሶ አላስቀረውም፣ ያንን አራት ሳምንት ግን ልጅሽ ማህፀንሽ ውስጥ አደገበት።

ሆጤ ሰፈር | ሚያዝያ 11፣ ማታ 4:20

ሰላም ይሄን ሁሉ ዛሬ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። 9 ሳምንቴ ነው፣ የመጀመሪያዬ። እህቴ በእርግዝና ግፊት ነው ያለፈችው፣ ለማንም አልተናገርኩም እፈራለሁ ክትትልም አልጀመርኩም።

የጦሳ ልጅ | ሚያዝያ 11፣ ማታ 4:26

የኔ እህት አይዞሽ፣ ነፍሷን ይማር። እኔ ሐሙስ ጠዋት 2:30 ለመለካት እሄዳለሁ፣ ሆጤ ከሆንሽ መንገዴ ላይ ነሽ፣ በውስጥ መስመር ፃፊልኝ አብረን እንሂድ። ቡና ሳትጠጪ ውጪ። የእህትሽን ነገር እኔ አጠገብሽ ቆሜ ትነግሪያቸዋለሽ።